ዓምዱን ያቀፈው ዘንዶ

በዛርሜል መንግሥት ንጉሥ ሐርቤል ዘውድ ሊደፋ ሳምንት ሲቀረው፣ የታላቁን አዳራሽ ዘጠኝ ደርብ የተሸከመው ዓምድ እንደ ቆሰለ አውሬ አቃሰተ። ከወገቡም ነጭ ትቢያ ረገፈ። ካህናቱ «ከመሠረቱ ዋሻ ያለው ዘንዶ ዓምዱን እየበላ ነው» ሲሉ ተናገሩ።

አዳራሹ በገደል አፋፍ የቆመ ስለ ነበር፣ ቢናድ ከሥሩ ያለችውን ከተማ ይቀብራታል። ንጉሡም «ሕዝቤን የሚታደግ ማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

ኤልሳም የምትባል ወጣት ድንጋይ ጠራቢ ተነሣች። «በአባቴ መሮ እምላለሁ፤ ዓምዱን ሳላድን ራሴን በትራስ ላይ አላሳርፍም!»

ጦረኛው ቀንድራስ አብሯት ወደ ዋሻው ወረደ።

«አንቺ ድንጋይሽን ጥረቢ፤ ዘንዶውን ለእኔ ተይው» አላት።

«ጦርህ ከምላስህ ቢረዝም ምንኛ ደስ ባለኝ!»

ዘንዶው በዓምዱ ግርጌ ሰባት ጊዜ ተጠምጥሞ አገኙት። ቀንድራስ ጦሩን ወርውሮ ጎኑን ወጋው። ጥምጥሙ በላላበት ቅጽበት ዓምዱ እንደ መብረቅ ጮኾ ቁልቁል ተሰነጠቀ። ኤልሳም መዳፏን ብታሳርፍ፣ ድንጋዩ ወደ ውጭ አብጧል።

«ተው! እየበላው አይደለም፤ አቅፎ ይዞት ነው!»

ዘንዶው ዐይኑን ገለጠ። «ዘጠኝ ነገሥታት በየንግሣቸው ቀን ስማቸውን በዓምዱ ወገብ ቀረጹ፤ ሁሉም ከቀዳሚው አጥልቆ። ሁሉም ከላይ አንድ ደርብ ጨመረ። ወገቡ ቀጠነ፣ ሸክሙ ከበደ። ከአቅሙ በላይ የተጫነ ድንጋይ ወደ ጎን ያብጣል፤ እንዳይፈነዳ የያዝሁት እኔ ነኝ። አሁን ግን ደሜ እየፈሰሰ ነው።»

ኤልሳም ወደ ንጉሡ ገሠገሠች። «ንጉሥ ሆይ፣ ዘጠኙም ደርብ ይፍረስ።»

«የአባቴንም ደርብ?»

«ከሁሉ በፊት የአባትዎን። ከላይ ያለው እርሱ ነው።»

ሐርቤል ካባውን አውልቆ፣ ከአባቱ ደርብ የመጀመሪያውን ድንጋይ በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ወረደ። ሕዝቡም ተከተለው።

ሦስት ቀን ሙሉ ቀንድራስ የዘንዶውን ቁስል በሁለት እጁ ደፍኖ ተቀመጠ። «ይቅር በለኝ» እያለ ያነባ ነበር።

«ጎበዝ፣ አጥብቀህ ያዝ እንጂ አታልቅስ» አለው ዘንዶው። «ዕንባህ ያንሸራትተኛል።»

የመጨረሻው ድንጋይ በወረደ ጊዜ ዘንዶው «ቀለለው?» ሲል ጠየቀ።

«ቀለለው» አለች ኤልሳም።

ጥምጥሙን ሳያላላ ሞተ።

በንግሡ ቀን ካህናቱ እንደ ልማዱ ስም መቅረጫ መሮ ለንጉሡ አቀረቡ። ሐርቤል ግን መሮውን መልሶ፣ አንጥረኞቹ የሠሩትን ሰፊ የብረት ቀለበት አስይዞ ወደ ዋሻው ወረደ፤ ከዘንዶው ጥምጥም በላይም ዓምዱን አስታጠቀው። በቀለበቱ ላይ የማንም ስም አልነበረም።

ከላይ ነጋሪት ተጎሰመ። ኤልሳም ግን አልሰማችውም፤ ራሷን በቀዘቀዘው ጥምጥም ላይ አሳርፋ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።