አንተ ትሙት

አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ተነሳች። ፊቷን ታጠበች፤ ያደረውን ሻይ አሞቀች፤ አልጋዋን አነጠፈች። ሰባት የይለፍ ወረቀቶች ካፖርቷ ገበር ውስጥ ተሰፍተዋል።

የወታደር ምልመላ ጽሕፈት ቤቱ ታይፒስት ናት። በድብቁ ድርጅት ስሟ «መርፌ» ነው።

ወረቀቶቹ በአንድ ወፍጮ ቤት ለተደበቁ ሰባት ወጣቶች ናቸው። ሃይማኖታቸው መሣሪያ ማንሳትንም መማልንም ይከለክላል። የወታደር መሐላ አንምልም ብለው ሸሽተው፣ በሌሉበት ሞት ተፈርዶባቸዋል። ነገ ቤት ለቤት ፍተሻ አለ፤ ትእዛዙን የተየበችው ራሷ ናት። የሚያሸሻቸው የጭነት መኪና ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ይነሳል።

ወረቀት የሚቀበላት «ምስማር» ነው፤ የእነሱው ሃይማኖት ተከታይ፣ አናጺ። ማክሰኞ ማክሰኞ ዳቦ ሰልፍ ላይ ከኋላዋ ይቆማል። «ዛሬም ቀዝቅዟል?» ትላለች። «የዘገየ ቀዝቃዛ ይበላል» ይላል። ባሏ መሆኑን ማንም አያውቅም። ለየብቻ መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመታቸው ነው።

ዛሬ ከኋላዋ የቆመው ሌላ ሰው ነበር።

«የዘገየ ቀዝቃዛ ይበላል» አላት፣ ሳትጠይቀው።

ዞር ብላ አየችው።

«አናጺው አሞታል፣ እህቴ። ዕቃውን ለእኔ ስጪኝ።»

«አላውቅህም።»

«እኔም አማኝ ነኝ። እናቴ ትሙት!»

ማለ።

ባሏ በሠርጋቸው ቀን እንኳ አልማለም።

ሰልፉ ላይ ጆሮ ነበር ማለት ነው። ባሏ ተይዟል። ሲጠይቁት አይዋሽም፤ ዝም ይላል። ዝም ያሉ ሰዎች ምን እንደሚደረጉ ታውቃለች። ሪፖርቱን የምትተይበው እሷ ናት።

እሷ ግን የሃይማኖቱ ተከታይ አይደለችም። መዋሸት ትችላለች።

«ዕቃው ገና አልደረሰኝም» አለች።

«አትቀልጂ።»

«አንተ ትሙት! ነገ በዚህ ሰዓት።»

አመናት። የሚምል ሰው መሐላ ያምናል።

ዳቦዋን ገዝታ ሥራ ገባች። ከሰልፉ ጀምሮ ሲከተላት የነበረ ሰው ዋናው በር ላይ ቀረ። ቦርሳዋን ጠረጴዛዋ ላይ ትታ በመዝገብ ቤቱ የጓሮ በር ወጣች።

ወፍጮ ቤት ስትደርስ የመኪናው ሞተር ተነስቷል። ገበሩን ተርትራ ወረቀቶቹን አደለች።

«አናጺውስ?» አለ ታላቃቸው።

«ይከተለናል።»

ይህኛው ውሸት ከበዳት።

መኪናው በአናጺው ሥራ ቤት በኩል አለፈ። በሩ በሰም ማኅተም ታሽጓል። አብራቸው ነበረች፤ አንገቷን አላዞረችም።

ሰባቱ ድንበር ተሻገሩ። እሷ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ ልብስ ትሰፋለች። ማክሰኞ ጠዋት ዳቦ ትሰለፋለች። አንዳንዴ ዳቦው ቀዝቃዛ ነው።

ከኋላዋ የሚቆም ባል የላትም።