በሩ እስኪከፈት

የእንክብሉ በር እንደተዘጋ ኦብሳ ነጩን ካባ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ «ካፒቴን፣ የልብ ምትሽ አላማረኝም» አለ።

«ያላማረው ያንተ ፊት ነው፣ ዶክተር። ወደ ቦታህ» አለች ኬሪያ።

«እንደምን አደራችሁ፣ ጠራጊዎች» አለ አጃቢው ከጣሪያው። «ከፊታችን የሳተላይት ስብርባሪ ተከምሯል። ዛሬ ከመካከላችን አንዱ ላይመለስ ይችላል።»

ሐመልማል ሻንጣዎቹን ከመቀመጫው ስር አስገብታ አሰረቻቸው። የወገብ ቀበቶዋን ሳብ አድርጋ ፈተሸች። ከዚያ እሷም፣ «የሞተር ክፍል ዝግጁ ነው» አለች። እንክብሉ ከአዳማ ጣቢያ ያለ ድምፅ ተነስቶ ወደ ቱቦው ገባ።

እንክብል የሚሉት ለስድስት ሰው የሚበቃ ድቡልቡል ክፍል ነው። አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ቱቦ ውስጥ በመግነጢስ ተንሳፍፎ ስለሚሄድ ፍጥነቱን የሚይዘው ነፋስ የለም። አጃቢ ደግሞ እንክብሉን የሚነዳው፣ አየሩንና ሙቀቱን የሚጠብቀው አሳቢ መሣሪያ ነው። ተሳፋሪ በየትኛውም እንክብል ቢሳፈር የሚከተለው የራሱ አጃቢ ነውና ከጊዜ ብዛት ጠባዩን ይለምደዋል። የእነዚህ ሦስት ጓደኛሞች አጃቢ የለመደው ጨዋታቸውን ነበር።

ሦስቱም ሥራ ያላቸው ጎልማሶች ናቸው። ኦብሳ ውል አርቃቂ ነው። ኬሪያ የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ አዳማ ላይ ሒሳብ ታስተምራለች። ሐመልማል በከተማው የውሃ ማጣሪያ ውስጥ መለኪያዎችን ትመረምራለች። በየወቅቱ አንድ ቅዳሜና እሁድ ግን «የሰማይ ጠራጊዎች» የተባለው ተከታታይ ድራማ አድናቂዎች ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ባለው አሮጌ አዳራሽ ለጉባኤ ይሰበሰባሉ፤ እነሱም የገጸ ባሕርያቱን ልብስ ለብሰው ይሄዳሉ። ሕጋቸው አንድ ነው፦ በሩ ከተዘጋበት ጀምሮ ድሬ ላይ እስኪከፈት ድረስ ከሚና አይወጣም። የወጣ ሰው የሁሉንም ሻንጣ እስከ አዳራሹ ይሸከማል።

በመጀመሪያው ጉዟቸው ኬሪያ «አየር አለቀ» ብላ ስትጮህ አጃቢው አምኗት የአደጋ መጠለያ ጣቢያ አስገባቸው፤ ፍተሻው እስኪያልቅ የጉባኤው መክፈቻ አመለጣቸው። ከዚያ ወዲህ ኦብሳ ከአጃቢው ጋር የጨዋታ ውል ተዋዋለ። በጉዞ ላይ የሚሰማ የጭንቅ ቃል ሁሉ እንደ ጨዋታ ይቆጠራል፤ እውነተኛ አደጋ ካለ አጃቢው በራሱ መለኪያዎች ይወቅ፤ እሱም የድራማው መርከብ አእምሮ ሆኖ ይጫወት። ሦስቱም በድምፃቸው ተስማሙ። ኦብሳ ክፍተት የሌለው ውል ነው ብሎ ኮርቶበት ነበር።

የዛሬው ጉዞ ለኬሪያ የተለየ ነው። በክረምቱ ከቀኝ ሳንባዋ ከፊሉ ተቆርጦ ወጥቷል። ሆስፒታል ተኝታ ሳለች የካፒቴኗን ሰማያዊ ካባ፣ በብር ክር የተጠለፈውን፣ በእጇ ሰፋችው። ሐኪሟ «የእንክብሉ አየር ከቤትሽ አየር አይለይም» ብሎ ፈቅዶላታል። ሐመልማል ይህን ፈቃድ ስትሰማ የጠየቀችው አንድ ነገር ነበር፦ «ቢለይስ?» ኬሪያም፣ «አቦ ተዪኝ» ብላ ዘጋችባት።

አዋሽን እንዳለፉ ሐመልማል ጆሮዋ ድፍን አለባት። ምራቋን ስትውጥ ጧ ብሎ ተከፈተ። ወደ እንጦጦ በመኪና ሲወጣ እንዲህ ይሆናል፤ እንክብል ውስጥ ግን ሆኖ አያውቅም።

ዙሪያዋን አየች። ጠረጴዛው ላይ ኬሪያ ለመንገድ የገዛችው የድንች ቺፕስ ከረጢት አለ፤ አልተከፈተም። ጠዋት ልፍስፍስ ያለ ነበር። አሁን ኳስ አክሏል፤ ጫፉ ላይ ያለው ስፌት ተወጥሮ ነጥቷል።

ግድግዳው ላይ ያለውን የአየር ግፊት መለኪያ ተመለከተች። ቁጥሩ ከአዳማ ሲነሱ ያየችው ነው፤ የመጨረሻዋ አሃዝ እንኳ አልተነቃነቀችም። ጥሩ ምልክት ይመስላል። ሐመልማልን ያስፈራት ግን ይኸው ነበር። በሕይወት ያለ መለኪያ ትንሽ ይዋዥቃል፤ ዝም ብሎ የሚቆመው የሞተ ነው።

«ኦብሳ» አለች።

ኦብሳ አጨበጨበ። «ተሸካሚ ተገኘች። ሻንጣዬ ውስጥ ብረት ነገር አለ፣ ቀስ ብለሽ ያዢው።»

«ኦብሳ፣ አየር እየወጣብን ነው።»

«ካፒቴን፣ መሐንዲሷ ሁለት ጊዜ በስሜ ጠርታኛለች። ምስክር ነሽ።»

ኬሪያ ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉም ቶሎ አልቆም አለ። ኦብሳ አብሯት ይስቃል፤ ሳቁ ከቀልዱ በላይ ረዘመ። ሐመልማል ጥፍሮቹን አየች፤ ሐምራዊ ሆነዋል። ከረጢቱን አንስታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ኦብሳ ጫን አድርጎት አልጎደጎድ ሲለው ሳቁ ቆመ።

«ይኼ… ጠዋት እንዲህ ነበር?»

«አልነበረም።»

ሐመልማል ቀና ብላ ጣሪያው ላይ ወዳለው የአጃቢው መመልከቻ ዓይን ተናገረች። «አጃቢ፣ ጨዋታው ቆሟል። የግፊት መለኪያህ ደርቋል። አየር ወደ ቱቦው እየሾለከ ነው። የአየር ጭምብሎቹን ልቀቅና ቅርብ ወዳለው መጠለያ አስገባን።»

«ሰማሁሽ፣ መሐንዲስ» አለ አጃቢው በመርከቧ አእምሮ ጎርናና ድምፅ። «የሞተር ክፍል ሰው ሁልጊዜ ቀድሞ ያውቃል። ግን መመለሻ የለንም፤ ስብርባሪው ዘግቶናል።»

«ስሜ ሐመልማል ነው። መሐንዲስ አይደለሁም።»

«ባለፈው ጉዞ ዶክተሩም እውነተኛ ስሙን ተናግሮ ነበር። ልብ ይሰቅላል።»

ከረጢቱን ወደ ዓይኑ ከፍ አድርጋ አሳየችው። አጃቢው አደነቀ። በሌላ ጉዞ ደም እንዲመስል በቀይ ሥር ጭማቂ የተነከረ ጓንት አሳይተውታል፤ እሱም ጥሩ ነበር አላት።

ኦብሳ ግድግዳውን ይዞ ተነሳ። «ስማ። ውሉን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። አፍርሼዋለሁ።»

«በጉዞ ላይ ውሉ ፈርሷል የሚል ቃል የጨዋታው አካል ሆኖ ይቆጠራል» አለ አጃቢው። «የመጨረሻው አንቀጽ ነው። እንዲጨመር የፈለግኸው አንተ ነህ፣ ዶክተር።»

  ኦብሳ የሚናውን የብረት ቆብ ከራሱ አውልቆ ጣሪያው ላይ ያለውን የጭምብል ሣጥን ይደበድብ ጀመር። ሣጥኑ አልተነካም። በፊት በእጅ የሚከፈት ነበር፤ ወደ ጉባኤው የሚሄዱ አድናቂዎች ጭምብሎቹን ለልብሳቸው ማድመቂያ እየነቀሉ ስለወሰዱ ነው አጃቢው ብቻ እንዲከፍተው የተደረገው። ኦብሳም አንድ ወስዷል። አሁን እቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

«ተው፣ ትንፋሽህን ትጨርሳለህ» አለችው ሐመልማል።

በአራት እግሯ ሆና የበሩን ዙሪያ በመዳፏ ዳሰሰች። ከታች በግራ ጥግ እጇን ቅዝቃዜ ላሳት። ጆሮዋን አስጠጋች፤ ስስ ፉጨት አለ። የሚደፍን ነገር ፈለገች፤ የእሷ ልብስ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፣ የኦብሳ ካባ ወንፊት የመሰለ ሻሽ ነው። ስትዞር ኬሪያ የአንገቷን ማሰሪያ ስትፈታ አየቻት።

«ኬሪያ፣ እሱን አይደለም።»

«ወፍራም ነው» አለች ኬሪያ። «ሁለት ገበር አለው። ውሰጂ።»

ሐመልማል ሰማያዊውን ካባ አጣጥፋ ጥጉ ላይ ጫነችው። ቱቦው ጨርቁን ስቦ ያዘው፤ የብር ክሩ እየተበጠሰ ወደ ስንጥቁ ገባ። ፉጨቱ ቀነሰ፤ አልጠፋም።

አዙራ ስታይ ኬሪያ ከመቀመጫዋ ተንሸራትታ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ትከሻዋ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይነሳል፤ የሚገባው ግን ጥቂት ነው። መልሳ ጠረጴዛው ላይ ያኖረችው ከረጢት ጧ ብሎ ፈነዳ፤ ቺፕሱ ወለሉ ላይ ተበተነ። ማንም አልደነገጠም፤ ለመደንገጥም አቅም ያስፈልጋል።

ሐመልማል ለአጃቢው የምትለው አልቀራትም። እውነቱን ሁሉ ነግራዋለች፤ እውነቱ ግን በጨዋታ አልቆ ኖሯል። ወደ ኬሪያ ተጠግታ ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ አስደገፈች።

«ምን ያህል ቀረን?» አለች ኬሪያ።

«ደርሰናል።»

«ፊቴ እንዴት ነው?»

«ደህና ነሽ። ቀለምሽ ተመልሷል።»

ኬሪያ ዓይኗን በትንሹ ከፈተች። «አንቺ እኮ ሳትለኪ አታወሪም።»

«ለክቼ ነው» አለች ሐመልማል።

«እኔም አየሁት» አለ ኦብሳ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር፤ ኬሪያ እንዳታየው። «ድሬ ገብተናል። ከዚራ ዛፎቹ ጋ ነን። ሻንጣሽን እኔ እይዘዋለሁ፣ እሺ? አንቺ ብቻ ንቂ።»

«አቦ… ውሸታሞች» አለች ኬሪያ ፈገግ ብላ፤ ዓይኗም ተከደነ።

እንክብሉ ውስጥ ከስስ ፉጨቱ በቀር ድምፅ አልነበረም።

«ሐመልማል።»

ጎርናናው ድምፅ ጠፍቷል። አጃቢው በዚህ ስም ጠርቷት አያውቅም። በዚያው ቅጽበት የጣሪያው ሣጥን ተከፍቶ ጭምብሎቹ ከነአየር ጠርሙሳቸው ወረዱ። «ለኬሪያ አስቀድሚ። ከዚያ ለኦብሳ። ከዚያ ለራስሽ። ወደ ሚኤሶ መጠለያ እየገባን ነው።»

ሐመልማል የኬሪያን ጭምብል አሰረች። እንክብሉ ፍጥነቱን ሲቀንስ ሰውነቷ ወደፊት ተሳበ። መቀነሱ ማለቂያ ያጣ መሰላት። አጃቢው በየመሐሉ ይናገር ነበር፤ «አይዟችሁ። ቅርብ ነው። ደርሰናል» እያለ።

በሩ ሲከፈት የሚኤሶ ሙቀት ከነአቧራው ገባ። ሁለት የጤና ሠራተኞች ኬሪያን በቃሬዛ አወጧት። ሐመልማል ከቃሬዛው አልራቀችም፤ የኬሪያን ከንፈር እያየች ቆመች። ሰማያዊው ቀስ ብሎ ለቀቀ። ኬሪያ ዓይኗን ገልጣ መጀመሪያ ያየችው ኦብሳን ነው፤ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጦ እንባውን በነጩ ካባ ይጠርጋል።

«ዶክተር» አለች በጭምብሉ ውስጥ፣ «ማነው ቀድሞ ከሚና የወጣው?»

«ሐመልማል። ሁለት ጊዜ በስሜ ጠርታኛለች።»

«እንግዲያው ትሸከም።»

ሐመልማል ሻንጣዎቹን ልታወጣ ወደ እንክብሉ ተመለሰች። ወለሉ ላይ ቺፕስ ተበትኗል፤ የበሩ ጥግ ላይ የሰማያዊው ካባ ቅሪት ተሰንጎ ቀርቷል። መለኪያው አሁንም ያንኑ ቁጥር ያሳያል።

«መለኪያህ አልተለወጠም። ለምን አመንከን?» አለች።

«ብዙ ጊዜ ስትሞቱ ሰምቻችኋለሁ» አለ አጃቢው። «ሁልጊዜ ትጮኻላችሁ። አየር አለቀ፣ አለቅን፣ ተሰናበቱ ትላላችሁ። በጨዋታ ውስጥ አደጋውን የሚደብቅ ሰው የለም፤ የምትጫወቱት እሱን ነውና። ዛሬም እየጮሃችሁ ሳለ አላመንኩም። ከዚያ ኬሪያ ከሁሉም ጊዜ ይልቅ ስትደክም፣ ደህና ነሽ አልሻት። ኦብሳም ደገመልሽ። ሦስታችሁም እውነት እንዳልሆነ ታውቁ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ለጨዋታ ተናግራችሁ አታውቁም።»

 በሐመልማል ሥራ ሐሰተኛ ንባብ የሚጣል ነገር ነው። ዛሬ ትክክል የነበረው ንባብ እሱ ብቻ ነበር።

ጎንበስ ብላ ከጭምብሎቹ የአየር ጠርሙስ አንዱን አነሳች። አንገቱ ላይ ያለችው ትንሽ መርፌ ማለቁን በሚያሳየው ቀዩ መስመር ላይ ተኝታለች። ሁለተኛውንም አየች፤ ያው ነው።

«ደርሰናል ስትለን ይህ አየር እስከ ሚኤሶ እንደሚበቃ ታውቅ ነበር?»

አጃቢው ቆየ። አሳቢ መሣሪያ መልስ ለመፈለግ ይህን ያህል አይዘገይም፤ ሐመልማል ይህን ታውቃለች።

«አውቅ ነበር» አለ። «በደንብ ይበቃ ነበር።»

መርፌዋን ደግማ ተመለከተች። ከዚያ ጠርሙሱን በቦታው አስቀመጠች።

«ደግ» አለች፤ ሦስቱንም ሻንጣ አንስታ ወደ ጓደኞቿ ወጣች።