ሰባተኛው ጥያቄ

አባቷ የመኪናዋን ቁልፍ ከመያዣው ቀለበት ለማውጣት ሲታገል ጥፍሩ ተሰበረ። ቀለበቱ ጠንካራ ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ከፍቶት አያውቅም። ፍንጭት «ላግዝህ» ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። በመጨረሻ ቁልፉ ወጣ። አባቷ እርጥቡ ጠረጴዛ ላይ፣ እናቷ ፊት አስቀመጠው።

«ከዝርዝሩ አንዲት ነገር የዘለልኩ ቀን አስረክባለሁ ብዬ አልነበር?» አለ። «ይኸው። ቃሌ ቃል ነው።»

እናቷ ቁልፉን አየችው እንጂ አልነካችውም። ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ ወለሉ ላይ በተቀመጠው ድስት ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ይላል። አባቷ ትንሽ ቆሞ ጠበቀ፤ አንድ ሰው «ተው እንጂ» ይለኛል ብሎ ሳይሆን አይቀርም። በሩን ከፍቶ ወረደ።

ጎጆ ነው የሚሏት። ከፊት መሪ፣ ከኋላ አልጋ፣ መሃል ላይ ምድጃና ጠረጴዛ ያላት አሮጌ ቤት መኪና ናት። አባቷ ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ በወጣ ሳምንት ገዛት። «ዕድሜ ልኬን ሰው ሳደርስ ኖርኩ፤ አሁን ደግሞ እኔ ልድረስ» አለ። ልብስ ሰፊዋ እናቷ በመጀመሪያ አኮረፈች፤ ከዚያ መጋረጃውን ሰፋች፤ ከዚያ የፊት ወንበሩን የግሏ አደረገችው። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ጎጆ ትንቀሳቀሳለች።

ጎጆ ግን ዝም ብላ አትንቀሳቀስም። መሪው አጠገብ በአባቷ የእጅ ጽሑፍ አሥር ነገሮች የተዘረዘሩበት ወረቀት ተለጥፏል። አባቷ ከሾፌር ወንበሩ ሆኖ ይጠይቃል፤ ፍንጭት ከኋላ እየዞረች፣ በእጇ እየነካች ትመልሳለች። «አንድ፤ ጋዝ?» «ተዘግቷል!» «ሁለት፤ ፍሪጅ?» «ተቆልፏል!» «ሦስት፤ መሳቢያዎች?» አሥር ሳይባል ሞተር አይነሳም። አንድ ጊዜ እናቷ «ሮኬት ልታስወነጭፉ ነው?» ብላ ስታላግጥ አባቷ ፊቱን ቋጥሮ፣ «ሮኬት ውስጥ ሰሃን የለም» ብሏታል።

ከስድስት ወር በፊት ግን ሐኪሙ የአባቷን ራስ በምስል አየና «የመርሳት ሕመም ጅማሬ ነው» አለ። ለጊዜው መንዳት እንደሚችል፣ ቤተሰቡ ግን በቅርብ እንዲከታተለው ነገራቸው። አባቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝርዝሩን እንደ ፈተና ያዘው። አሥሩን ሳይዘል በጠየቀ ቁጥር ወደ እናቷ ዞር ብሎ «አለሁ!» ይላል።

ዛሬ ጠዋት ከመነሳታቸው በፊት ፍንጭት ከኋላ ወንበር ላይ እግሯን ሰቅላ ስልኳን ይዛ ነበር። የክፍል ጓደኛዋ «ጉድ ልንገርሽ» ብላ ጀምራ ግማሹን አስቀርታባታለች። «ሰባት፤ የጣሪያ መስኮት?» አለ አባቷ። «ተዘግቷል!» አለች ፍንጭት፣ ዐይኗን ከስልኳ ሳትነቅል። ቀና ብትል ኖሮ መስኮቱ ለአየር እንደተከፈተ ታየው ነበር።

አውራ ጎዳናው ላይ ፍጥነት ሲጨምሩ ከላይ «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አባቷ ድንጋይ መሰለው። ከዚያ ዝናቡ መጣ፤ የዝናቡ ጩኸት ሌላውን ድምፅ ሁሉ ዋጠው። መኪኖች የሚያድሩበት ግቢ ደርሰው ወደ ኋላ ሲዞሩ የመስኮቱ ክዳን በነፋስ ተገንጥሎ ሄዷል። አልጋው በስብሷል። የእናቷ መጋረጃ ቀለሙን ለቆ ግድግዳው ላይ ወርዷል። መብራቱ፣ ፍሪጁ፣ የውሃ ፓምፑ፣ ሁሉም ጸጥ ብሏል።

አባቷ ቀዳዳውን አየ። ወረቀቱን አየ። ከዚያ እሷን አየ።

«ሰባተኛውን ጠይቄሻለሁ?»

ቢቆጣት ኖሮ ምናልባት እውነቱን ታፈነዳው ነበር። ግን አልተቆጣም፤ ስለማያውቅ ነበር የሚጠይቃት። ፍንጭት ፈራች። ስልኩን፣ መጋረጃውን፣ የእናቷን ፊት ፈራች። ከአፏ የወጣው ቃል ለራሷም አስደነገጣት።

«አልጠየቅከኝም።»

ይኸው ነው። አንዲት ቃል። አባቷ ራሱን ነቀነቀና እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

አሁን እናትና ልጅ ፍራሹን በሁለት ጫፍ ይዘው ሊያወጡ ይታገላሉ። ፍራሹ ውሃ ጠጥቶ የበሬ ያህል ከብዷል።

«እማዬ» አለች ፍንጭት። «እኔ…»

«ዐውቃለሁ» አለች እናቷ፣ ፍራሹን ሳትለቅ። «እኔ እኮ ከፊት ነው የተቀመጥኩት። ሲጠይቅሽ ሰምቻለሁ። ስትመልሺም ሰምቻለሁ።»

ፍንጭት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

እናቷ ፍራሹን ጣለችና የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ቀሚሷ ረጠበ፤ ግድ አልሰጣትም። «አጠገቡ ተቀምጬ እንዴት እንደምሄድ ታውቂያለሽ? በሌለ ፍሬን ላይ ስረግጥ ነው የምውለው። ስድስት ወር ሙሉ ተው በቃህ ልለው ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ። ዛሬ ራሱ በቃኝ አለ። ለወንድሜ ደውያለሁ፤ አባትሽም ሰምቷል። ነገ መጥቶ ጎጆን ነድቶ ቤት ያደርስልናል። ከዚያ ትሸጣለች።»

«ግን እኮ እሱ አልረሳም! ጠይቆኛል!»

«ዛሬ አልረሳም» አለች እናቷ። «ነገስ? ልጄ፣ ዝም በይ። ይህቺን ለእኔ ብለሽ ዝም በይልኝ።»

ፍንጭት ጎንበስ ብላ አንሶላውን መጠቅለል ጀመረች። እናቷ የማታውቀውን አንድ ነገር እሷ ታውቃለች። ከትናንት በስቲያ እናቷ ልብስ ስታጥብ፣ አባትና ልጅ ጎጆን ይዘው ውሃ ሊቀዱ ሄደው ነበር። መስቀለኛው መንገድ ላይ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ አባቷ አልሄደም። ከኋላ ጥሩንባው ሲያደነቁራቸው ወደ እሷ ዞሮ «ፍንጭቴ፣ ወዴት ነበር የምንሄደው?» አላት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። «ውሃ ልንቀዳ ነዋ! አንተ ደግሞ!» እሱም ሳቀ። ከዚያ ወደ ግራ ሲታጠፍ በተቃራኒው መስመር ገባ፤ አንድ የጭነት መኪና ለጥቂት ሳታቸው። ሁለቱም ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አላሉም። እሷም የሁለታቸው ምስጢር አድርጋ ያዘችው።

እርጥቡን አንሶላ ሰብስባ ወጣች። ዝናቡ አባርቷል። አባቷ የጎጆ ደረጃ ላይ ተቀምጧል፤ ፊት ለፊቱ አንድ ወጣት የጥርስ ሐኪም ቆሟል። ሰውየው ከጎን የቆመችውን አዲስ ቤት መኪና ከገዛ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ጫማው ከቤት መኪናዋ ይበልጥ ያብረቀርቃል።

«እንዲያው ምክር ቢጤ ካለዎት» እያለ ነበር። «ሻጩ ቁልፉን ሰጥቶኝ መልካም መንገድ ብቻ ነው ያለኝ።»

ፍንጭት አባቷ ዝም የሚል መስሏት ነበር። ግን ጀመረ።

«ውሃ በሙሉ ታንከር ይዘህ ዳገት አትውጣ፤ ግማሹ ይበቃሃል። ከባድ ዕቃ ከታች፣ ቀላል ዕቃ ከላይ፤ ከላይ ከከበደ ኩርባ ላይ ትወዛወዛለች። ቁመቷን በሜትር ጽፈህ መሪው ፊት ለጥፍ፤ ድልድይ ይቅርታ አያውቅም። ወደ ኋላ ስትሄድ ሚስትህ ትውረድና ታሳይህ፤ በመስታወት ካጣሃት ባለህበት ቁም።»

«ሚስቴ ከወረደች የምትመለስ አይመስለኝም» አለ ሐኪሙ እየሳቀ።

«እንግዲያው በደንብ ንዳ። የሽንት ቤቱን ገንዳ በየሁለት ቀኑ ድፋ፤ ሞላሁ ብሎ እስኪነግርህ አትጠብቅ፤ ሲናገር በአፉ አይደለም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማደሪያህን ያዝ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ደግሞ የጣሪያውን ማዕዘኖች ከውስጥ በአውራ ጣትህ ተጫን፤ ከለሰለሰ ውሃ እየገባ ነው። ከላይ ሳይታይ ከውስጥ ይበሰብሳል።»

«ልክ እንደ ጥርስ!» አለ ሐኪሙ ደስ ብሎት። ሁሉንም ስልኩ ላይ ይጽፋል። «ብዙ ዓመት ነድተዋል ማለት ነው።»

«እስከ ዛሬ ጠዋት» አለ አባቷ።

ሐኪሙ ምን ማለት እንደሆነ አልገባውም፤ አመስግኖ ሄደ። ፍንጭት አንሶላውን ገመዱ ላይ እየወረወረች ጀርባዋን እንደሰጠች ቀረች። አባቷ ብቻውን የቀረ መስሎት ይሆናል፣ ጣቶቹን እያጠፈ መቁጠር ጀመረ።

«አንድ፤ ጋዝ። ሁለት፤ ፍሪጅ። ሦስት፤ መሳቢያ። አራት፤ ደረጃ። አምስት፤ የጎማ ታኮ። ስድስት፤ የውሃ ቱቦ። ሰባት…» ቆመ። «ሰባት፤ የጣሪያ መስኮት። ይኸው አለ። ይኸው አለ እኮ! እንዴት ዘለልኩት?» ደግሞ ከአንድ ጀመረ።

ሦስተኛ ጊዜ ሰባት ላይ ሲደርስ ፍንጭት ወደ እሱ ዞረች። ከእንግዲህ በየቀኑ እንዲህ ሊቆጥር ነው። ያልጠፋበትን ነገር ሲፈልግ ሊኖር ነው። ያጠፋችውም እሷ ናት። እናቷ ልክ ልትሆን ትችላለች፤ ይህን ግን እያዩ ዝም ማለት ከእሷ ዐቅም በላይ ሆነባት። አንሶላውን ጥላ ፊቱ ቆመች።

«አባዬ፣ አልዘለልከውም።»

ቀና አለ።

«ጠይቀኸኛል። ሰባት ብለህ ጠይቀኸኛል። ስልክ ላይ ነበርኩ። ሳላይ ነው ተዘግቷል ያልኩህ። በኋላ ደግሞ… ፈርቼ ዋሸሁህ።»

ጥፊውን፣ ስድቡን፣ ሁሉንም ለመቀበል ተዘጋጅታ ነበር። እሱ ግን ሳቀ። ፊቱ በአንድ ጊዜ በዐሥር ዓመት ያነሰ መሰለ፤ እንባው እየፈሰሰ ነበር የሚስቀው።

«ጠይቄሻለሁ!» አለ። «አልረሳሁም! አንቺ ደደብ ልጅ፣ ገደልሽኝ እኮ! በይ ቁልፉን አምጪ። ለአጎትሽ ደውለን እንዳትመጣ እንበለው። ክዳኑን እዚሁ እናስገጥማለን፤ ነገ ጠዋት መንገድ ነው!»

ብድግ አለ። ፍንጭት እንዲህ ደስ ብሎት ካየችው ስድስት ወር ሆኗታል። እዚህ ላይ ብታቆመው፣ ይህችን ደስታ ብትተውለት ምን ነበረበት? ቁልፉን አምጥታ ብትሰጠው፣ ነገ እናቷ አጠገቡ ተቀምጣ በሌለ ፍሬን ላይ ስትረግጥ ልትውል ነው። የጭነት መኪናው ፊት ለፊት ሲመጣ ትዝ አላት፤ የሾፌሩ የተከፈተ አፍ ሳይቀር።

«አባዬ፣ ቁጭ በል» አለች። «ሌላም አለ።»

«ሌላ ምን?»

«ከትናንት በስቲያ። መስቀለኛው መንገድ ላይ። ውሃ ልንቀዳ ስንሄድ።»

አባቷ ፈገግታው ከፊቱ ሳይጠፋ ጠበቃት። ከዚያ ግንባሩ ቀስ ብሎ ተቋጠረ።

«የቱ መስቀለኛ?»

ፍንጭት የደበቀው መስሏት ነበር። እሱም እንደ እሷ አፍሮ ዝም ያለ መስሏት ነበር። ፊቱን ፈለገች፣ ዐይኑን ፈለገች፤ ያ ቀን እዚያ ውስጥ የለም።

«በተቃራኒው መስመር ገባህ» አለች፤ ድምፅዋ ሊሰማ አልቻለም፣ ደገመችው። «መኪና ሊገጨን ነበር።»

አባቷ ደረጃው ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ጠዋት ዋሽተሽኛል» አለ። ቁጣ የለበትም፤ ድካም ብቻ ነበር። «ይሄኛውስ እውነት መሆኑን በምን ልወቅ? እኔ የማውቅበት የለኝም። እዚያ የነበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ፍንጭት ልትምልለት ፈለገች። መሐላ ግን ጠዋት የበላችውን እምነት እንደማይመልስላት ገባት። ከውስጥ የእናቷ እግር ኮቴ ተሰማ፤ በሩ ጋ መጥታ ቆማለች፤ አላቋረጠቻቸውም። ፍንጭት እርጥቡ ደረጃ ላይ፣ አባቷ ጎን ተቀመጠች።

«ከመጀመሪያው ልንገርህ» አለች። «የሳቅኩትንም ጭምር። ሳቄ ነው ከሁሉም የሚያሳፍረኝ።»

«ንገሪኝ» አለ አባቷ። «እንዳለ ንገሪኝ። እንዳታሳምሪው።»

ነገረችው።