ተቀባይ ያጣ ጉልበት

በስድስተኛው ቀን ማለዳ፣ አርባ ምንጭ ላይ፣ ብስክሌቶቹ እንደ ልማዳቸው ባለቤቶቻቸውን «ደህና አደራችሁ?» ካሉ በኋላ ጉልበት ይጨመርላቸው እንደሆነ ጠየቁ። አሥራ አራቱም ብስክሌተኞች እንደ ልማዳቸው «አይ፣ ደህና ነኝ» ብለው መለሱ። የተለየ ነገር የተናገረ ሰው አልነበረም። ብስክሌት ሰላምታ መስጠት ከጀመረ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬ ዛሬ የሚያስደንቀው ዝም የሚል ብስክሌት ነው።

ጉዞው በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ከሞያሌ እስከ ጎንደር የሚደረግ ነው። ከኋላ ራሱን የሚነዳ አጃቢ መኪና ይከተላል። በውስጡ ጥገናውን የያዘችው እቴነሽና ምግቡን የያዘው ሙዘይን አሉ፤ ከመቀመጫቸው ጀርባ ደግሞ ጎተራው አለ። ጎተራ ሲባል እህል የታሰበው አንባቢ ይቅርታ ያድርግልን፤ ይህኛው የሚያከማቸው የሰው ጉልበት ነው። በእያንዳንዱ ብስክሌት የኋላ ጎማ መሃል ላይ ቡጢ የሚያክል መሣሪያ ተገጥሟል። ገበሬዎች ተራ በተራ አንዱ የሌላውን ማሳ ከሚያርሱበት ልማድ ስሙን ወስደው «ወንፈል» ብለውታል። የብርቱው ትርፍ ጉልበት በአየር ወደ ጎተራው ይገባል፤ ከጎተራው ደግሞ ለደከመው ይተላለፋል። አንድ ቀልደኛ በጎተራው ክዳን ላይ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብሎ ጽፎበታል።

የእቴነሽ ዓይን በዚያ ማለዳ ከአንድ ሰው ላይ አልተነቀለም። ጋሽ ሽብሩ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። እሷን በልጅነቷ ኮርቻውን ከኋላ ይዘው እየሮጡ ብስክሌት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ሐኪሞች ልባቸውን መርምረው «ከዘንድሮ በኋላ አይታሰብም» ብለዋቸዋል። አዘጋጆቹማ የዘንድሮውንም ሊከለክሏቸው ነበር፤ «ወንፈሉ ይደግፋቸዋል» ብላ ዋስ ሆና የፈረመችላቸው እቴነሽ ናት። የጉዞው ሕግ ጥብቅ ነው። ብስክሌትን እየገፉ በእግር መሄድ ይፈቀዳል፤ መኪናው ላይ የወጣ ሰው ግን ጉዞው እዚያው ያበቃል። ለጋሽ ሽብሩ ደግሞ ዛሬ አበቃ ማለት እስከ መጨረሻው አበቃ ማለት ነው።

እስከ ምዕራብ አባያ ድረስ መንገዱ ደግ ነበር። በቀኝ በኩል ቡናማው የአባያ ሐይቅ ይታያል፤ ግራና ቀኙ የሙዝ ማሳ ነው። ከላይ ጥላ ያዦቹ በራሪ ማሽኖች ጨርቃቸውን ዘርግተው ብስክሌተኞቹን ከፀሐይ እየከለሉ ይከተላሉ። ከፊት የምትመራው ሶሬቲ ነበረች። የሃያ ሦስት ዓመት የአሰላ ልጅ ናት፤ ዳገትና ሜዳ አትለይም ይሏታል። በየኮረብታው አናት ላይ ዘወር እያለች «አይዟችሁ! ደርሰናል!» ትላለች። አለመድረሳቸውን ሁሉም ያውቃል፤ ቢሆንም ደስ ይላቸዋል።

ሁምቦን አልፈው ዳገቱ ሲጀምር ጎተራው ጮኸ።

«ሞልቻለሁ» አለ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ። «ሙቀቴ እየጨመረ ነው። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ተቀባይ ካላገኘሁ እዘጋለሁ፤ ከዚያ ለማንም መስጠት አልችልም።»

እቴነሽ መጀመሪያ ማቀዝቀዣውን፣ ቀጥሎ ሽቦዎቹን፣ ከዚያም አንቴናውን ፈተሸች። ሁሉም ደህና ነው። በመጨረሻ የስድስቱን ቀን መዝገብ ከፈተች። አሥራ አራት ሰው፣ በየማለዳው፣ በየዳገቱ ተጠይቋል። መልሱ ከላይ እስከ ታች አንድ ነው፦ አይ፣ ደህና ነኝ። አይ፣ ደህና ነኝ። ስድስት ቀን ሙሉ ሁሉም ሲሰጥ ኖሯል፤ አንድም ሰው አልተቀበለም።

ከፊቷ ያለው ሰሌዳ የጋሽ ሽብሩን የልብ ምት መቶ ስድሳ አንድ ይላል።

«ጋሼ፣ ወንፈሉን እሺ ይበሉት» አለቻቸው በሄልሜታቸው በኩል።

«ደህና ነኝ የኔ ልጅ።»

«ልብዎ እኮ እየታየኝ ነው!»

«ልቤን ተዪው፣ እሱ ድሮም ችኩል ነው» አሉ በቁርጥ ቁርጥ ትንፋሽ። «ይልቅ ለደከመው ስጪ።»

ሌሎቹንም አንድ በአንድ ጠራቻቸው። ሁሉም ለደከመው ስጪ አሏት። ያ የደከመው ሰው ማን እንደሆነ ግን የሚነግራት ጠፋ። በግድ እንዳትሰጥ መሣሪያው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይሠራም፤ ዱሮ ሳይጠየቅ የተገፋ ጎማ ሰው ጥሎ ያውቃል።

ሙዘይን ለእራት ሽንኩርት እየላጠ ነበር። «ስንት ጊዜ ነው የሚጠይቃቸው?» አላት።

«አንዴ። እምቢ ካሉ ያምናቸዋል።»

ቢላዋውን አስቀመጠ። «አንዴ? እኔ እነዚህን ሰዎች አንዴ 'ልጨምር?' ብዬ ብተዋቸው ኖሮ እስካሁን ቀብረናቸዋል። የመጀመሪያው እምቢታ እኮ ሰላምታ ነው!»

እቴነሽ መዝገቡን እንደገና አየችው። መሣሪያውን የሠራው ፋብሪካ ያለው ባሕር ማዶ ነው። እዚያ እምቢ ያለ ሰው እምቢ ብሏል፤ የታደሉ ናቸው። እነሱ የሠሩት መሣሪያ ደግሞ እኛን ከነይሉኝታችን ቃል በቃል አመነን።

ቶሎ ብላ ሦስት ጊዜ እንዲጠይቅ አዘዘችው። መሣሪያው ጋሽ ሽብሩን በዚያው በአንድ ዓይነት ድምፅ ሦስት ጊዜ ጠየቃቸው። «እቴነሽ፣ ይሄ ነገር ተበላሸ እንዴ?» ብለው ጮኹ እሳቸው። ወትሮስ ለማሽን ማን ይሸነፋል?

አሥር ደቂቃ ቀርቷል። የማሽኑን ድምፅ አጠፋችና የሁሉንም ሄልሜት እርስ በርስ አገናኘች።

«ስሙኝ! ከአሁን በኋላ ማሽኑ አይጠይቅም። መስጠት የፈለገ የሰውየውን ስም ጠርቶ ራሱ ይለምን። ተለማኙ እሺ ካለ ጉልበቱ ያልፍለታል።»

ከዚያ ከፊት የሶሬቲ ድምፅ መጣ። «ጋሽ ሽብሩ፣ በሞቴ!»

«ኧረ ደህና ነኝ!»

«በሞቴ ስልዎ!» አሉ ሁለት ሌሎች እኩል።

«ተዉኝ እባካችሁ፣ እናንተው ያዙት...»

«አፈር ስሆን ጋሼ!» አለች ሶሬቲ።

ሽማግሌው አንዱን የዳገት ኩርባ ፔዳላቸውን እየረገጡ አለፉ።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ትንሽ ብቻ።»

ከዚያ በኋላ መስመሩ የሠርግ ቤት መሰለ። አንዱ አንዱን በሞቴ ይላል፤ ያኛው ይግደረደራል፤ በስተመጨረሻ ትንሽ ብቻ ብሎ ይቀበላል። የጎተራው ሙቀት ወረደ። የጋሽ ሽብሩ ልብ መቶ ሃያ ላይ ረጋ። እቴነሽ መኪናው ከሽማግሌው ጎማ እንዳይርቅ አዘዘችና ስቃ ሙዘይንን ትከሻውን መታችው። ሽማግሌው አንዱን አለፉ፣ ሌላውን አለፉ። ሶሬቲ ከመንገዱ ዳር ቆማ ጫማዋ ላይ ስትጎነበስ መኪናው ደረሰባት። እቴነሽ በመስኮት «ደህና ነሽ?» አለቻት። «ደህና ነኝ» አለች ሶሬቲ፣ በእጇም ሂዱ ሂዱ አለች። ሄዱ።

የሶዶ ከተማ ጣሪያዎች ከነዳሞታ ተራራ ብቅ ሲሉ የጋሽ ሽብሩ ድምፅ መጣ። «ሶሬቲ የት አለች?»

«ከፊት ናት» አለች እቴነሽ በልማድ።

«ከፊት ያለሁት እኔ ነኝ እኮ።»

እቴነሽ ሰሌዳውን አየች። የሶሬቲ ነጥብ ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ ታች፣ እዚያው ያለፏት ቦታ ላይ ቆማለች። ልቧ መቶ ሰማንያ ሁለት ይመታል። ያላትን ሁሉ ሰጥታለች። በዚያ ሁሉ ልመና ውስጥ የሷን ስም የጠራ አንድም ሰው አልነበረም። እቴነሽ አፈረች። አንዴ ጠይቃ፣ የመጀመሪያውን እምቢታ አምና፣ ጥላት ሄዳለች፤ ማሽኑ ካደረገው በምን ተሻለች?

«በመኪና ተመልሰን እናምጣት» አለ ሙዘይን።

«በመኪና ከመጣች ጉዞዋ አበቃ» አሉ ጋሽ ሽብሩ። ብስክሌታቸውን አዙረው ነበር።

«ጋሼ፣ አይሆንም! ይህን ዳገት ሁለተኛ ሊወጡት ነው? ዋስዎ እኮ እኔ ነኝ!»

«እንግዲያው ለሷም ዋስ ሁኚ» አሉና ቁልቁል ለቀቁት።

እቴነሽ መኪናውን ከተማው መግቢያ ላይ አቁማ በሄልሜቱ አዳመጠች። ጎማው ሲቆም ተሰማ።

«ሶሬቲ፣ በሞቴ።»

«ደህና ነኝ ጋሼ፣ ጫማዬ ነው...»

«በሞቴ ስልሽ።»

«እውነቴን ነው፣ አሁን እነሣለሁ።»

«አፈር ስሆን፣ ልጄ።»

ሶሬቲ እንደ ሕፃን ልጅ አለቀሰች። «እኔን ማን ለምኖኝ ያውቃል፣ ጋሼ? ልጅ ሆኜም፣ አሁንም፣ 'አንቺማ ብርቱ ነሽ' ብሎኝ ነው የሚያልፈው ሁሉም።»

«አውቃለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ብርቱ ሆኜ ኖሬ የለ?»

«እሺ» አለች ቆይታ። «እሺ፣ ይስጡኝ።» ትንሽ ብቻ አላለችም።

የቀሩት አሥራ ሁለት ብስክሌተኞች ደርሰው ከመኪናው ዙሪያ ቆሙ። ሰሌዳው ላይ ሁለት ነጥቦች ጎን ለጎን መውጣት ጀመሩ፤ አንዳንዴ እየተጓዙ፣ አንዳንዴ ብስክሌታቸውን እየገፉ። በዳገቱ ላይ ሁሉም ስለተካፈሉት ጎተራው ባዶውን ቀርቷል። ጋሽ ሽብሩ ያላቸውን ለሶሬቲ አሳለፉ። እሷ ደግሞ ትንፋሽ እንዳገኘች በሞቴ ብላ መለሰችላቸው። እሳቸውም እንደገና ላኩላት። ጉልበት በአየር ባለፈ ቁጥር ከአሥር አንዱ በመንገድ ይባክናል፤ ስለዚህ ማሽኑ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ሳይደርሱ ይቆማሉ ብሎ አሰላ። ሁለተኛውን ኩርባ አለፉ። አሁንም አሰላ። አሁንም አለፉ። ከየት እንደሚያመጡት እቴነሽም አታውቅም፤ የጋሽ ሽብሩ ልብ ግን መቶ ሠላሳ ላይ ረግቶ ይመታል።

ሰሌዳው ቀላ። «ብልሽት» አለ። «ሰጪውን ከተቀባዩ መለየት አልቻልኩም።» ከሥሩ ሁለት ምርጫ አቀረበ፦ ይስተካከል፣ ይተው።

እቴነሽ እንባዋን ጠርጋ «ይተው» የሚለውን ነካችና፣ ከመኪናው ወርዳ ዳገቱን ቁልቁል ሮጠች።