ሃያ እንስራ ውኃ

የብርጓል ፍሥሐን መጀመሪያ ያየችው ምንጩ ዳር ነው፤ ውሻ የነከሰው እግሩን ሲያጥብ።

«ቁራሽ ልትለምን መጥተህ ሥጋህን ሰጠህ?» አለችው።

«ውሻው የማን ነው?»

«የእኛ።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ግን ከነጠላዋ ጫፍ ቀድዳ ቁስሉን አሰረችለት።

ጊዜው 1930 ዓ.ም. ነው። ፍሥሐ የቅኔ ተማሪ ነው። አኮፋዳውን አንጠልጥሎ የሚዞረው ግን ለቁራሽ ብቻ አይደለም፤ ለአርበኞቹ ጎበዝ አለቃ ለአለበል ወሬ ያመላልሳል። የብርጓል ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው የጣሊያን ምሽግ በግዳጅ ውኃ ከሚያመላልሱት ሴቶች አንዷ ናት። ሴቶቹ እንስራቸውን በሩ ላይ ባለው በርሜል ገልብጠው ይመለሳሉ፤ ወደ ውስጥ አይገቡም።

እሑድ እሑድ ወታደሮቹ ባንዲራ ሥር ሲሰለፉ ከበሩ ሆና ትቆጥራቸዋለች። በዚያ ቀን የተገለበጠውንም እንስራ ትቆጥራለች። ሦስት እሑድ ቆጥራ ለፍሥሐ ነገረችው።

«ሃያ ሰው፣ ሠላሳ እንስራ። አርባ ሰው፣ አርባ እንስራ። ስልሳ ሰው፣ ሃምሳ።»

ባሕረ ሐሳብ የተማረ ነውና ቁጥር ሲሰማ እጁ አያርፍም። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጠጠር ደረደረ፤ ሰውን ወደ ጎን፣ እንስራን ወደ ላይ እየለካ። ሦስቱ ጠጠሮች አንድ መስመር ላይ ዋሉ።

«አየሽ፣ ሁለት ሰው ሲጨመር አንድ እንስራ ይጨመራል። ለአንድ ሰው ግማሽ።»

«እንግዲያው ለሃያ ሰው አሥር ይበቃ ነበር። ሠላሳ ለምን ተሸከምን?»

ቀና ብሎ አያት። ከዚያ የወገቡን ገመድ ፈትቶ በጠጠሮቹ ላይ ዘረጋና ወደ ኋላ ሳበው። ምንም ሰው በሌለበት በኩል ገመዱ ሃያ እንስራ ላይ አረፈ።

«ይኼ ሃያ ከሰው ጋር አይወጣም፣ አይወርድም። ሰው ባይኖርም የሚቀዳ ነው።»

«በቅሎዎቹ ናቸዋ» አለች። «አሥራ አምስት በቅሎ ያንን ይጠጣል።»

ገመዱን በአንድ ጫፍ እሷ፣ በሌላው እሱ ይዘውታል። ማንም ቀድሞ አልለቀቀም።

በኅዳር አንድ ቀን ማለዳ፣ ጉሙ ሳይገፈፍ፣ ከምሽጉ ጦር ከነጓዙ ወጥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄደ። የሰውና የበቅሎ ኮቴ ሲያልፍ አገሩ ሁሉ ሰማ። የዚያን ቀን ሴቶቹ የገለበጡት ሃያ እንስራ ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የብርጓል ወደ ምንጩ ስትወርድ አለበል አሥራ ስምንት ሰዎቹን ይዞ ከሸለቆው ተቀምጧል። ፍሥሐም አለ። ምሽጉን ሲያጠቁ እየለመነ በሩን የሚያስከፍተው እሱ ነው።

«ሃያ እንስራ» አለ አለበል። «ተማሪው ያለው አንድም አልተዛነፈ። ከዘበኛ በቀር ምሽጉ ባዶ ነው።»

«አያ አለበል፣ ባዶ አይደለም።»

«ምን አየሽ?»

«በሩ አጠገብ ያለውን ገንዳ። ሁልጊዜ ከበርሜሉ እየቀዱ በቅሎ የሚያጠጡበት ገንዳ ዛሬ ደረቅ ነው። በቅሎዎቹ አብረው ሄደዋል። ታዲያ ሃያውን ማን ጠጣው?»

ፍሥሐ በጣቱ ቆጠረ።

«እሷ ልክ ናት» አለ በመጨረሻ። «የእኔ ቁጥር በቅሎዎቹ ላሉበት ቀን ነው። በቅሎ ከሌለ ሃያ እንስራ ማለት አርባ ሰው ነው።»

«ጠዋት ባዶ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«ነኝ። ተሳስቻለሁ።»

«ተሳስተህ ነው ወይስ ልጅቷ እንዳታለቅስብህ ነው?»

«እኔ አላለቅስም» አለች የብርጓል።

ፍሥሐ አኮፋዳውን አነሳ። «ብቻዬን ልሂድና አይቼ ልምጣ። ለማኝ እንደሆንኩ ያውቃሉ።»

ልታስቀረው አፏን ከፈተች። አሥራ ስምንት ሰው እያያት ነው። ዘጋችው።

ዳገቱን ሲወጣ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ በሩ ሲከፈት ሰማች። ከዚያ ምንም። እንስራዋን ከምንጩ አፍ ሥር ደቀነች።

«ልጄ፣ እንስራሽ ሞልቶ ይፈሳል» አላት አለበል።

አልሰማችውም።

እያነከሰ ተመለሰ፤ የጎን አጥንቱን ይዟል።

«በእርግጫ አስወጡኝ። በቅሎዎቹ የሚያድሩበት በረት ውስጥ ተደብቀዋል። ከሳንቃው ሥር እግራቸው ይታያል። በር ላይ ካሉት ጋር ሰባ ስድስት እግር ቆጠርኩ።»

«ሠላሳ ስምንት ሰው» አለ አለበል በዝግታ። «አርባ አልነበር ያላችሁት?»

«ውኃ የሚያበዛ አይጠፋም» አለች የብርጓል።

አለበል ሰዎቹን አየ። ከዚያ ጠብመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ ተነሳ፤ ሌሎቹም ተከትለውት በመጡበት ሸለቆ ተመለሱ። ፍሥሐ ወደ ኋላ ቀረ።

«ለአባቴ ሽማግሌ ላክ» አለችው።

«ምን ይዤ? ምንም የለኝም።»

«ምንም በሌለበትም ሃያ እንስራ አለ ብለኸኛል። ከዚያ እንነሳለን።»

«እሱ እኮ የበቅሎ ነው።»

«አንተስ ምን ለየህ? ና፣ እንስራውን አሸክመኝ።»

ጎኑን እያመመው ጎንበስ አለ። የዚያን ቀን እንስራዋን የተሸከመው እሱ ነው።