ድምፅ የሌለው ዲስክ ሲያንኳኳ

ልጄ ሰናይት ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ «እማዬ፣ ዲስኩን አጽድቼ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሁለተኛ ሲስተም ልጭንበት ነው» ስትለኝ ልቤ ስንጥቅ አለ፣ የሟች አባቷ ድምፅ ያለው እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነዋ። እኔ እኮ መንፈስ ምናምን ሲባል ከሚስቁት ነኝ፣ ሰፈሩን ጠይቁ፣ ግን የሰማሁትን ሰምቻለሁ፣ እመኑኝ።

«ምን ላይ ነው የምትጭኚው፣ አይሱዙ ነው?» አልኳት።

«አይ እማዬ! የአባዬ ድምፅ ያለበትን አሮጌውን ዲስክ አልነካውም፣ ሲስተሙ የሚገባው እዚህ አዲሱ ላይ ነው፣ ለብቻው።»

«ተሳስተሽ አባትሽን ብታጠፊውስ?»

«ኧረ እኔ ሰናይት!» ብላ ሳቀችብኝ።

የከተማችን የሚዛን ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሰናይት «አጽዳ» የሚለው ላይ ጣቷን ልታሳርፍ ስትል፣ ኳ... ኳኳ! ባሌ ከቴፒ ቡና ጭኖ ሲመለስ በሩን በመኪናው ቁልፍ የሚመታው ልክ እንደዚያ ነበር። ሮጬ ከፈትኩ፣ ማንም የለም። ስመለስ ሰናይት አፏን ይዛለች።

«እማዬ፣ የሁለቱ ዲስኮች መጠን እኩል ስለሆነ ተምታቶብኝ... የመረጥኩት አሮጌውን ነበር። ልጫነው ስል ነው የተንኳኳው።»

ደግሞ ኳ... ኳኳ፣ አሁን ከጠረጴዛው ላይ፣ ጆሮዬን ባስጠጋ ከአዲሱ ዲስክ ነው።

«ሊሆን አይችልም፣ ይሄኛው ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፣ ድምፅ አያ...» ሳትጨርሰው ጆሮዬ ሥር አንኳኳ።

«ንቀዪው!» አልኩ።

«አባዬ ከሆነስ፣ ይነቀላል?» አለችኝ፣ ተቃቅፈን ሳቅን።

ዳግም እንዳትሳሳት አሮጌውን ነቅላ ሰጠችኝ፣ እንደ አራስ ልጅ በነጠላዬ ጠቅልዬ ታቀፍኩት፣ እሷ አዲሱ ላይ ሥራዋን ቀጠለች። ሲያልቅላት «ጫንኩ!» ብላ ዘለለች፣ አባቷ ከቴፒ ሲደውል «ጫንኩ፣ መጣሁ!» እንደሚለው፣ በዚያው ድምፅ። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። አሮጌውን መልሳ ሰክታ ስትከፍተው ባሌ በሰናይት ልደት ቀን ሲቀዳ እኔን ያለኝ ተሰማ፦ «ሙናዬ፣ ጨፍሪ እንጂ፣ ወገብሽን ገበያ ረሳሽው እንዴ?» እንባዬ እየወረደ ጨፈርኩለት።

አዲሱ ዲስክ ዛሬም ዝናብ ሲጥል አንዳንዴ ያንኳኳል፣ ማን ነህ ብዬ አልጠይቀውም፣ በሩን ግን ዞር ብዬ አያለሁ። የባሌ ድምፅ አልጠፋም። እኛም ደህና ነን።