ከሺህ ሜትር በላይ

ቀይ ጃኬት የለበሰው ሰው አራተኛውን ወንበር አሳለፈው።

ቡርጊ አካፋዋን በረዶው ላይ ተክላ ቆመች። ሰልፍ የለም። ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ለአራት ሰዓት ሦስት ደቂቃ ቀርቷል። ከሸለቆው በኬብል ካር የወጡት ጥቂት ሰዎች መካከለኛው ጣቢያ ላይ ወርደው፣ ወደ ጫፉ በሚያደርሰው ተንጠልጣይ ወንበር ተሳፍረው ሄደዋል። እሱ ብቻ ቀርቷል። የስኪውን ማሰሪያ ያጠብቃል። ይፈታል። ደግሞ ያጠብቃል። ዓይኑ ግን በየወንበሩ ጀርባ በነጭ ቀለም የተጻፈውን ቁጥር ይከተላል።

ሠላሳ ዘጠኝ አለፈ። አርባ አለፈ።

አርባ አንድ።

ሰውየው ተቀመጠ።

ወንበሩ ከመሬት ሲለቅ እጁን ወደ ሥሩ ሰደደ። በፕላስተር የተለጠፈችውን የፊልም ቆርቆሮ ላጠና ኪሱ ከተተ። ቡርጊ ከኋላው ሆና ሁሉንም አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ በረዶ መዛቅ ቀጠለች።

ስለ ወንበር አርባ አንድ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዷ እሷ ናት።

ሌላው አለቃዋ ነው።

የአለቃዋ የምስጢር ስም ደወል ይባላል። የሷ ኮሸሽላ ነው። ለአራት ወር በሐሰት ስም፣ በሮትካር ተራራ ላይ፣ ሰዎችን ወንበር ላይ ስታስቀምጥ ኖራለች። ቪየና ካለው መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ከድንበር ማዶ የተቀመጡ ወኪሎችን ስም ይሸጣል። ሦስቱ ተይዘው እስር ቤት ናቸው። ርክክቡ የሚፈጸመው እዚህ ተራራ ላይ እንደሆነ ታውቋል። ሻጩ ግን አልታወቀም ነበር፤ ቡርጊ እሱን የሚያጋልጥ ፊልም አግኝቻለሁ፣ ወንበር አርባ አንድ ሥር እለጥፈዋለሁ ብላ የነገረችው ለደወል ብቻ ነው።

የመሥሪያ ቤቱ ሽማግሌ፣ ሬትባወር፣ ትእዛዙን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሶ ነበር። ሌሎች የተሸጡ ስሞች ካሉ ከሰውየው አፍ አውጪ። ሰውየውን ደግሞ ሕያው አምጪልኝ፣ በእሱ ሦስቱን እስረኞች እንለውጣለን።

እሺ ብላ ነበር። ያን ጊዜ ማን እንደሆነ አላወቀችም።

ወንድሟ ኪሪንም ይህንኑ ሰው ሲያሳድድ ነው የሞተው። ባለፈው ክረምት በሰባተኛውና በስምንተኛው ምሰሶ መካከል ከወንበሩ ወደቀ። ጥንቃቄ የጎደለው ተሳፋሪ ተብሎ ተመዘገበ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ቀብሩ ላይ ደወል እጇን በሁለት እጁ ይዞ ነበር ያጽናናት፤ ሞቃት፣ ለስላሳ እጅ።

ኪሪንን ከበረዶው ቆፍሮ ያወጣው ሎይስ ነው። ሎይስ ወንበሩን የሚያስነሳና የሚያቆም የስድሳ ዓመት ሰው ነው፤ የደረቀ የአሳማ ሥጋ በሰንጢ እየቆረጠ ቀኑን ሙሉ ያኝካል። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ የማን እህት እንደሆነች ሳያውቅ፣ ነገራት። ልጁ ሩብ ሰዓት ያህል በሕይወት ቆይቶ ነበር። የተናገረው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እርስዎ አለኝ» ነበር ያለው።

ሎይስ ነገሩ እስካሁን አልገባውም። በዚህ አገር ከሺህ ሜትር በላይ እርስዎ የለም። ሸለቆ ውስጥ ሹሙ ሹም፣ ሐኪሙ ሐኪም ነው፤ ኬብል ካሩ ጥድ ጫካውን ሲያልፍ ግን ሁሉም አንተና አንቺ ይሆናል። ተራራ ላይ እርስዎ ማለት ሰውን ከገመዱ መፍታት ነው። እርስዎ ለማለት የተራራ ሰው አፉ አይታዘዘውም።

ደወል ደግሞ የተራራ ጎጆ ጠባቂ ልጅ ነኝ እያለ ሃያ ዓመት አውርቷል።

እኩለ ቀን ላይ ከቲኬት ክፍሉ ሸለቆው ውስጥ ላረፈው አለቃዋ ስልክ ደወለች። አንድ ቀይ ጃኬት ፊልሙን ወሰደው አለችው። ቀጥላ፣ ሁለተኛ ቅጂ አለኝ፣ ከአንተ በቀር ለማንም አልሰጥም አለችው። በስምንት ሰዓቱ ኬብል ካር እወጣለሁ አላት።

እስኪመጣ ድረስ ወራጆቹን ቆጠረች። ቀይ ጃኬት አልወረደም። ጫፉ ላይ ካለው ጎጆ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። እየጠበቀ ነው።

ሊጠብቅ ይገባዋል። ቆርቆሮዋ ውስጥ ፊልም አልነበረም። የራሱ የቀይ ጃኬቱ ፎቶግራፍ ነበር። ደወል ገዢውን የሚያሳድድ ለመምሰል ለቡርጊ የላከላት ነው፤ በጀርባው በገዛ እጁ «ይህን ሰው አስይዢው» ብሎ ጽፎበታል። ቀይ ጃኬት ያንን የእጅ ጽሑፍ ሁለት ዓመት ሲገዛ ኖሯል። ከሥሩ እሷ አንድ መስመር ጨምራለች። ይህን የጻፈው ሰው ከሰዓት በኋላ በወንበሩ ይመጣል።

ደወል ስምንት ሰዓት ላይ ወጣ። ረጅም የከተማ ካፖርት፣ ቀጭን የቆዳ ጓንት፣ የተወለወለ ጫማ። ነፋሱ በርትቷል። ሎይስ ቱሪስቶቹን ሁሉ ወደ ሸለቆ መልሶ ወንበሩን ሊዘጋ እጁን ማንሻው ላይ አድርጓል።

ቅጂው ጫፉ ላይ ተደብቋል አለችው። አብረን እንውጣ አለ፣ ሳትጠይቀው።

እሷም ይህንኑ ነበር የምትጠብቀው።

ደወል ወደ ሎይስ ዞሮ በትሕትና አንገቱን ሰበር አደረገ። «ይቅርታ፣ አንዴ ብቻ ቢያስነሱልን። እርስዎን አናስቸግርም።»

የሎይስ መንጋጋ ማኘኩን አቆመ።

«ምን አልከኝ?»

«እርስዎን አናስቸግርም ነው ያልኩት።»

«አይ አንተ ሰውዬ» አለ ሎይስ፣ ሰንጢውን እያጠፈ። «እናትህ እዚህ ብትሰማህ ጡት አላጠባሁትም ነበር የምትለው።»

ደወል ሳቀ። ሎይስ አልሳቀም። ቡርጊን አያት። ጉንጯን፣ አገጯን፣ ዓይኗን አየ፤ ከበረዶ ያወጣውን ፊት እየፈለገ እንደሆነ ገባት። አገኘውም።

ጠዋት ለምናዋለች። ሰባተኛው ምሰሶ ስንደርስ ሦስት ደቂቃ አቁምልኝ ብላው፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም ነበር። አሁንም አልጠየቀም። ማንሻውን ጫነ።

አምስተኛው ምሰሶ። ደወል ስለ አየሩ አወራ።

ስድስተኛው። አንድ ጓንቱን አወለቀ።

ሰባተኛው።

መከላከያውን ብረት ወደ ላይ አነሳው።

ሁለት እጁን ጎኗ ላይ አድርጎ በሙሉ ክብደቱ ገፋት። እሷ ግን ከመቀመጫው አልተነቃነቀችም። ከጃኬቷ ሥር ያለው የጥገና ቀበቶ ከወንበሩ ብረት ጋር በመንጠቆ ታስሮ ነበር። በዚያው ቅጽበት ገመዱ ቆመ። ወንበሩ ወደፊት ተወረወረ፣ ተመለሰ። ደወል ግማሽ አካሉ ወደ ባዶው ሄዶ በአንድ ክንዱ ምሰሶውን የተቀማ ድንኳን ይመስል ተንጠለጠለ። ያወለቃት ጓንት ሃያ ሜትር ወርዳ በረዶው ላይ ጥቁር ነጥብ ሆነች።

ኮሌታውን ይዛ ጎተተችው። ብረቱን መልሳ አወረደች። ለጊዜው።

«ኪሪንንም ከዚህ ነው የገፋኸው?»

ነፋሱ ከካፖርቱ ሥር ገብቶ ያንቀጠቅጠዋል።

ብረቱን በአንድ ጣቷ ከፍ አደረገች። ስትወረውረው እንዴት እንደሚወድቅ አራት ወር ሙሉ አስባበታለች። በየሌሊቱ ሳይሆን በየቀኑ፣ በሥራ ሰዓት፣ ሰዎችን እያሳፈረች። አሁን የቀረው አንድ ክንድ ማንሳት ነው።

ስሞቹ ግን አፉ ውስጥ ናቸው።

«የሸጥካቸውና ያልተያዙት ስንት ናቸው?» አለችው።

አምስት አለ። የቀረችውን አንዲት ጓንት ከአንድ እጁ ወደ ሌላው መቀያየር ጀምሮ ነበር። የበግ ጸጉር ጓንቷን አውልቃ አሳየችው። አንደኛው ጓንት በሁለት ስም። ሌላኛው በሁለት። አምስተኛው ስም ሲመጣ ወንበሩ ይንቀሳቀሳል።

በወፍራም ጓንት እርሳስ አይያዝም። በባዶ እጇ፣ በቲኬት ደብተር ጀርባ ላይ ጻፈች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በአሥር ደቂቃ ነገራት። ሦስት ደቂቃው ካለፈ ቆይቷል። ወደ ታች አየች። ሎይስ ከማንሻው አጠገብ ቆሟል፤ አይንቀሳቀስም።

ሃያ ደቂቃ። ሦስተኛውና አራተኛው። ጣቶቿ ነጭ ሆኑ። ከዚያ ሕመሙ ቆመ፤ መጥፎው ምልክት እሱ ነው።

አምስተኛውን ያዘ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል።

«ትገድይኛለሽ» አለ። አሁን አንቺ አላት።

«በኔ እጅ አትሞትም።»

«ማይልኝ!»

«በወንድሜ መቃብር።»

አምስተኛውን ስም ተናገረ። የሴት ስም ነበር። ቡርጊ አካፋ እንደምትይዝ በጡጫዋ እርሳሱን ጨብጣ ጻፈችው። ከዚያ ቀይ ሻርፗን ከፍ አድርጋ አውለበለበች። ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ ገመዱ ጮኸና ወንበሩ ተነሳ።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ከጎጆው ጥላ ውስጥ ቀይ ጃኬት ወጣ።

እጁ ኪሱ ውስጥ ነው።

ደወል አየው። መጀመሪያ ፊቱ ላይ ተስፋ ታየ። ቀጥሎ ሰውየው ፎቶግራፉን በሌላኛው እጁ ዘርግቶ፣ ጽሑፍ ያለበትን የፎቶውን ጀርባ ወደ እነሱ አዙሮ እንደያዘ አየ።

«ምን አደረግሽ?» አለ ደወል።

ቡርጊ መንጠቆዋን ፈታች። ስኪዋ ከታች ጀምሮ እግሯ ላይ ነው። የእሱ ጫማ የተወለወለ ነው።

«ቃሌን ጠበቅሁ» አለችው።

ቁልቁለቱን ይዛ ወረደች። ወደ ኋላ አላየችም። ድምፅ ቢኖርም ነፋሱ ወስዶታል።

ሎይስ ታች ጠበቃት። እጇን ይዞ አገላብጦ አየ።

«ሦስት ደቂቃ ነበር ያልኩህ» አለችው።

«ሰዓቴ ቆሞብኝ።» ሰዓቱ አንጓው ላይ ይሄዳል።

አምስቱም ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ ድንበር ተሻገሩ። ደወል በማዕበል መንገድ የሳተ የመንግሥት ሠራተኛ ተብሎ በጋዜጣ ወጣ። ሐኪሙ ከቀኝ እጇ ሁለት ጣት ቆረጠ።

ሬትባወር ሆስፒታል መጥቶ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ። ለረጅም ጊዜ ባርኔጣውን ሲያሽከረክር ቆየ። ስለ አምስቱ አመሰገናት። ስለ ደወል አልወቀሳትም፤ ኪሪንን እንደ ልጁ ይወደው ነበር። ሲነሳ ግን ተናገረ።

«ሦስቱን የምንለውጥበት ሌላ ሰው የለንም። ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

ከዚያ ስሟ ከመዝገብ ተፋቀ። ቡርጊ የምትባል ሴት በሮትካር ሠርታ አታውቅም፤ ኮሸሽላ የሚባል ወኪልም አልነበረም።

አሁን ከባሕር ዳር ባለች፣ ጉብታ እንኳ በሌለባት ከተማ፣ በአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት ትሠራለች። ደረቷ ላይ ያለው ስም ከእሷ በፊት የነበረችው ሴት ስም ነው፤ ማንም አልቀየረውም። አብራት የምትሠራው ዲርክዬ ወሬ ትወዳለች። ጣቶችሽን ምን በላቸው ብላ ጠይቃታለች፤ የሥጋ መቁረጫ ማሽን ብላታለች።

በመጋቢት አንድ ቀን ዲርክዬ የሻይ ሰዓት ላይ ጋዜጣ ታነብላት ነበር። የእግር ኳስ፣ የዓሣ ዋጋ። ከዚያ ከሩቅ አገር የመጣች አጭር ዜና። በስለላ የተፈረደበት አንድ እስረኛ በሳንባ ምች ሞተ። ዲርክዬ ስሙን መጥራት አቃታት፤ ሁለቴ ሞክራ ተወችው።

ቡርጊ ስሙን በትክክል ጠራችው።

ዲርክዬ ቀና ብላ አየቻት። «ታውቂዋለሽ እንዴ?»

«አላውቀውም» አለች። ብድግ ብላ የአንሶላውን አንድ ጫፍ በሦስት ጣቷ ያዘች፣ ሌላውን ጫፍ ዲርክዬ እስክትይዝላት ድረስ ቆማ ጠበቀች።